አቼቶ የጠጣው ቦሎቄ

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ነው፤ ክሩን (የጥያቄና መልስ ሰንሰለቱን) የከፈተችው አንዲት እናት ናት። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሙከራ ሠርታለች። አራት የፕላስቲክ ኩባያ፣ በየኩባያው አንድ የቦሎቄ ቡቃያ። ሁለቱ ንጹህ ውሃ ጠጡ። ለሁለቱ ደግሞ አንድ እጅ አቼቶ በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ተሰጣቸው። በስድስተኛው ቀን አቼቶ የጠጡት ቅጠላቸው ጠውልጎ፣ ግንዳቸው ተልፈስፍሶ ተኙ። ልጅቷ የአሲድ ዝናብ ችግኝን በአንድ ሳምንት ይገድላል ብላ ደመደመች። መምህሯም ሙሉ ማርክ ሰጣት። እናትየዋ ግን አልተዋጠላትም። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ የአሲድ ዝናብ ለዓመታት የወረደባቸው ደኖች እንዴት አንድ ችግኝ ተረፋቸው? ጥያቄዋ ይኸው ነበር።

ከዚያ 38 መልስ ተከተለ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ፤ አንዳንዱን ሁለቴ። እንዳለ ከመገልበጥ ግን የሄደበትን መንገድ ብተርክ ይሻላል። ሲሶው ከርዕሱ የወጣ ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ ለዓይን የሚከብድ ስድብ ነው።

ቁጥር 1 ምርቃት ብጤ ነው። ልጅቷን አመሰገነ፣ እናትየዋን አበረታታ፣ ውጤቱ ግልጽ ስለሆነ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም አለ። ቁጥር 2 በትህትና ለየት አለ። ንጹህ የምንለው ዝናብ ራሱ ትንሽ አሲድነት እንዳለው አስታወሰ። አየር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ሟምቶ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩን፤ ባነሰ ቁጥር አሲድነቱ ይብሳል) ወደ 5.6 ያወርደዋል። የአሲድ ዝናብ የሚባለው ከዚያ የወረደው ነው፤ ክፉኛ በተበከሉ አካባቢዎች ከ4 እስከ 4.5 ሲለካ ኖሯል። ምንጩ የድንጋይ ከሰል፣ የማዕድን ማቅለጫና የመኪና ጭስ ነው። ጭሱ ውስጥ ያሉት የሰልፈርና የናይትሮጅን ጋዞች አየር ላይ ወደ ሰልፈሪክና ናይትሪክ አሲድ ይለወጣሉ። ፒኤች በአንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲድነቱ አስር እጥፍ እንደሚጨምርም አልረሳም።

ቁጥር 3 አንድ መስመር ብቻ ጻፈ። ኩባያው ውስጥ የገባው ውሃ ፒኤች ስንት ነበር ብሎ ጠየቀ። ለእኔ ክሩ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው።

እናትየዋ በቁጥር 4 መለኪያ እንደሌላቸው አምና በስሌት ሞከረች። የአቼቶ ፒኤች 2.4 አካባቢ መሆኑን አግኝታለች። አስር እጥፍ ቀጥኗል፤ ስለዚህ 3.4 ይሆናል አለች። ያስኬዳል። ቁጥር 5 የኬሚስትሪ መምህር ነኝ ያለው ሰው ነው፤ አንቱ እያለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ አረማት። ስሌቱ ለሰልፈሪክ አሲድ ቢሆን ይሠራ ነበር። አቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ግን ደካማ አሲድ ነው። አብዛኞቹ ሞለኪውሎቹ ሳይበታተኑ ተራ ይጠብቃሉ። ውሃ ሲጨመርባቸው ከነዚያ የተወሰኑት ተበታትነው የቀነሰውን አሲድ ይተካሉ። ስለዚህ አስር እጥፍ ቢቀጥንም ፒኤቹ ከፍ የሚለው በግማሽ ቁጥር ያህል ነው፤ 2.9 ገደማ ይሆናል። ፒኤቹ 4.4 ከሆነ ዝናብ ጋር ሲተያይ ከ30 እጥፍ በላይ የበለጠ አሲድ ማለት ነው።

ቁጥር 6 ይኸን ተቀብሎ ሌላ ቀዳዳ አሳየ። ፒኤቹ እንኳ ቢስተካከል አቼቶ የዝናብ ምትክ አይሆንም አለ። ያልተበታተነው አሴቲክ አሲድ በህዋሱ ሽፋን በኩል ሰተት ብሎ ያልፋል። ውስጥ ከገባ በኋላ ይበታተንና ህዋሱን ከውስጥ ያኮመጥጠዋል። ዝናቡ ላይ ያሉት አሲዶች በዚህ መንገድ አይገቡም። ስለዚህ ልጅቷ የፈተነችው አቼቶን ነው፤ ዝናብን አይደለም። ይኸን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ማስረዳት ቀላል እንዳልሆነ ግን አልካደም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ተንሸራተተ። ቁጥር 7 አቼቶ ሲነሳ ደስ ብሎት ገባ። አረም ላይ ረጭቶ ያውቃል፤ ቅጠሉ በአንድ ቀን ቡናማ ሆነለት፣ በሁለተኛው ሳምንት ግን ከሥሩ አቆጥቁጦ ተመለሰበት። ቁጥር 8 ስንት ማንኪያ፣ ሳሙና ይጨመርበታል ወይ፣ በጠዋት ነው በማታ እያለ ጥያቄ ደረደረ። ቁጥር 9 አድሚኑ ነው። አረሙን ለሌላ ክር ተዉት አለ፤ በጨዋ ደንብ።

ቁጥር 10 ረጅም ነው፤ ጸሐፊው ጉዳዩን ያጠና ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ከዘሩ ጀመረ። ዘር ልባስ አለው፣ ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ መብቀሉን ለማስቀረት ከተለመደው የአሲድ ዝናብ በጣም የጠነከረ አሲድ ይፈልጋል። የሚጎዳው ከበቀለ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች የሰም ሽፋናቸው ስስ ነው። ጠብታ ያርፍባቸዋል፣ ፀሐይ ውሃውን ታተንነዋለች፣ አሲዱ ብቻ ተጠራቅሞ ይቀራል። ታዲያ በሰው ሠራሽ ዝናብ በተደረጉ ሙከራዎች ቅጠል ላይ ቁስል በብዛት የሚታየው ፒኤቹ ወደ 3 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። በ4 አካባቢ ብዙዎቹ ሰብሎች ምንም ምልክት አያሳዩም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ አስር ዓመት የቆየ የመንግሥት የጥናት ፕሮግራምም፣ በተለመደው መጠን የሚወርድ የአሲድ ዝናብ በሰብል ምርት ላይ የሚለካ ጉዳት አላደረሰም፤ በሰብል ላይ መሬት አጠገብ ያለው ኦዞን የሚባል በካይ ጋዝ ይብሳል ወደሚል ድምዳሜ ደርሷል። ቁጥር 10 ይኸን ሁሉ ያለው በእርጋታ ነው።

ቁጥር 11 ግን በእርጋታ አልተቀበለውም። የአሲድ ዝናብ ችግር የለውም ልትል ነው ወይ ብሎ ተነሳ። ልብ በሉ፣ እስከዚህ ድረስ ሁሉም አንቱ ሲባባሉ ነበር የመጡት። ቁጥር 11 ላይ አንቱታው ወደቀ። ጸሐፊው የፋብሪካ ጠበቃ ተባለ፣ የተከፈለው ተባለ፣ መሃል አውሮፓ የሞቱትን ደኖች አይቶ አያውቅም ተባለ። ስለ ደኖቹ የተናገረው ውሸት አይደለም። ቼክ፣ ፖላንድና የድሮዋ ምሥራቅ ጀርመን በሚዋሰኑበት፣ ጥቁሩ ሦስት ማዕዘን በሚባለው አካባቢ፣ ከሰል የሚያነዱ ኃይል ማመንጫዎች ጭስ ተራራ ሙሉ ዛፍ አድርቋል። ግን የቁጥር 10 ጽሑፍ ስለ ሰብል ነበር። ቁጥር 12 ይኸንኑ ለማስረዳት የቁጥር 10 ጸሐፊ ተመልሶ የጻፈው ነው። እሱም አንተ ማለት ጀመረ፤ ማንበብ የማይችል ሰው መድረክ ላይ ምን ይሠራል አለ። ቁጥር 13 አሁን ባዶ ነው። አድሚኑ ሰርዞታል። ሳይሰረዝ በፊት አይቼዋለሁ፤ መሰረዙ አልከፋኝም።

ቁጥር 14 በዚህ አቧራ መሃል ገባ። ላይክ የሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ሁለታችሁም ቅጠሉን ነው የምታዩት አለ፤ ወደ ታች ተመልከቱ።

ያለው ሲጠቃለል እንዲህ ነው። አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ሞልቷል። በሸክላው ማዕድን ውስጥ ታስሮ እስከተቀመጠ ድረስ ማንንም አይነካም። የአፈሩ ፒኤች ከ5 ሲያንስ ግን እስሩ ይፈታና ውሃው ውስጥ ይሟሟል። የሟሟ አሉሚኒየም መጀመሪያ የሚመታው የሥርን ጫፍ ነው። ጫፉ መርዘሙን ያቆማል፣ ያብጣል፣ ቀጫጭኖቹ የጎን ሥሮች ያጥራሉ። ፎስፈረስንም ይይዝና ተክሉ እንዳያገኘው ያደርጋል። ጎልማሳ ዛፍ ሥሩ ጠልቋል፣ ግንዱም ውስጥ ስንቅ አለው፤ ለዓመታት ሊቋቋም ይችላል። ችግኝ ያለው ግን ጥቂት ሳንቲሜትር ሥር ብቻ ነው። ላዩ አረንጓዴ ሆኖ ታየዋለህ። ዝናብ ለሁለት ሳምንት ሲጠፋ ጎረቤቱ ይቆማል፣ እሱ ይደርቃል። ያየ ሰው ድርቅ ገደለው ይላል።

ልጅቷ በስድስት ቀን ልታየው የማትችለው ነገር ይኸ ነው። አቼቶው በላይ በኩል ሲጮህ፣ እውነተኛው ዝናብ ከሥር በኩል ዝም ብሎ ይሠራል። ቁጥር 14 አንድ ነገር ጨመረ፤ አፈሩ ሁሉ እኩል አይደለም። ኖራ የበዛበት አፈር አሲዱን ለረጅም ዘመን ይውጠዋል። ግራናይት ላይ የተቀመጠ ስስ አፈር ቶሎ ይሸነፋል።

ቁጥር 15 ይኸን ይዞ ወደ ሌላው ግማሽ ገባ፤ ወደ ካልሲየም። የአሲድ ዝናብ መርዝ መፍታት ብቻ ሳይሆን ምግብም ያጥባል። ካልሲየምና ማግኒዥየም ከአፈሩ እየተለቀቁ ከውሃው ጋር ይሄዳሉ። ምሳሌው አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ያለው የሃባርድ ብሩክ የምርምር ደን ነው። የሰሜን አሜሪካ ዝናብ አሲድ መሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ሲመዘገብ የኖረው እዚያ ነው። በ1999 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ፣ በጥቅምት ወር፣ 12 ሄክታር ገደማ በሚሆን የደን ተፋሰስ ላይ በሄሊኮፕተር ኖራ ተረጨ አለ። በቀጣዮቹ ዓመታት የሹገር ሜፕል ዛፍ ችግኞች ተቆጠሩ። ካልሲየም ባገኘው ቦታ ችግኞቹ በዙ፣ ቅጠላቸው አረንጓዴነቱ ጨመረ፣ ሥራቸው ላይ የሚኖሩት አጋዥ ፈንገሶችም በረከቱ። የተጨመረው ነገር አዲስ ማዳበሪያ አልነበረም። ዝናቡ ከአፈሩ የወሰደው ነው የተመለሰለት።

ቁጥር 16 ወዲያው አረመው። የተረጨው ኖራ ሳይሆን ዎላስቶናይት የሚባል የካልሲየምና የሲሊካ ማዕድን ነው፤ ተፈጭቶ፣ እንደ እንክብል ተሠርቶ። ሌላው ሁሉ ልክ ነው አለ። እንዲህ ያለ እርማት እወዳለሁ፤ አንድ ቃል አንስቶ ሰውየውን ሳይነካ።

ቁጥር 17 ከካናዳ ታሪክ ይዞ መጣ። ሰድበሪ በሚባለው የኒኬልና የመዳብ ከተማ ዙሪያ ኮረብቶቹ ለአሥርተ ዓመታት ጠቁረው ራቁታቸውን ቆመው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ሠራተኞችና ተማሪዎች የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በከረጢት ተሸክመው ኮረብታ ለኮረብታ በእጃቸው በተኑ። የሚገርመው፣ ኖራው ባረፈበት ቦታ ማንም ያልዘራው ዘር በነፋስ መጥቶ ያዘ። ዘሩ ድሮም ይመጣ ነበር፤ ቡቃያው ግን ሥር መስደድ አይችልም ነበር። ከዚያ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠር የዛፍ ችግኝ ተተከለ። ጸሐፊው በዚህ ጉዳይ ልቡ እንደተነካ ያስታውቃል፤ ሦስት ጊዜ የቃለ አጋኖ ምልክት አድርጓል።

ቁጥር 18 ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ሰድበሪን የአሲድ ዝናብ ብቻ አላራቆተውም፤ ከማዕድን ማቅለጫዎቹ የወጣው የሰልፈር ጋዝ ራሱ ቅጠሉን በቀጥታ አቃጥሎታል፣ አፈሩ ውስጥ መዳብና ኒኬል ተከማችቷል፣ ዛፉም አስቀድሞ ለማገዶ ተጨፍጭፏል። አንድ ምክንያት ብቻ መርጦ ማልቀስ ለሳይንስ አይጠቅምም አለ። ልክ ነው፤ ግን ማልቀስ የምትለዋን ቃል ባይጨምር ጥሩ ነበር።

ከ19 እስከ 22 ያሉትን ብትዘሏቸውም ባትቆዩባቸውም አይጎዳችሁም። አንዱ የአሲድ ዝናብ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1872 ያወጣው ሮበርት አንገስ ስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ኬሚስት ነው አለ። ሌላው በ1852 ነው ብሎ ተከራከረ። ሦስተኛው አስታረቃቸው፤ ሰውየው የማንቸስተርን ዝናብ የገለጸው በ1852 ነው፣ ስሙ የመጣው ግን ሃያ ዓመት ቆይቶ በታተመ መጽሐፉ ነው። አራተኛው ከዚህ ተነስቶ ወደ እብነ በረድ ሐውልት፣ ከሐውልት ወደ ሐይቅ ዓሣ ሄደ። ችግኙ ተረሳ።

ቁጥር 23 መለሰን። ቀይ ስፕሩስ ስለሚባለው የቀዝቃዛ ተራራ ዛፍ ነው የጻፈው። ተራራ ላይ ጭጋግ ከዝናብ የበለጠ አሲድ ይይዛል፤ መርፌ ቅጠሎቹን ለሰዓታት አቅፎ ይቆያል። አሲዱ የህዋስ ሽፋንን ከሚያጠነክረው ካልሲየም ላይ ይሰርቃል። ዛፉ አይሞትም። ክረምት ሲገባ ግን የዚያ ዓመት አዲስ ቅጠሎች ድሮ ይቋቋሙት የነበረውን ብርድ መቋቋም ያቅታቸዋል፤ በጸደይ ቀይ ቡናማ ሆነው ይታያሉ። እዚህም ገዳዩ ብርድ ይባላል። ከቁጥር 14 ድርቅ ጋር አስተያዩት፤ ቁጥር 23 ራሱ አላያያዘውም፣ እኔ ግን ሳላያይዘው ማለፍ አልቻልኩም።

ቁጥር 24 ገበሬ ነው። የእርሻ መሬት ላይ ከዝናቡ ይልቅ ማዳበሪያው ነው አፈሩን የሚያኮመጥጠው አለ፤ አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያ አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይለቃል። ቁጥር 11 ብቅ ብሎ ደግሞ ጥፋቱን ገበሬ ላይ ልታላክኩ ነው ሊል ሲል (ቁጥር 25 ያው እሱ ነው፣ ጸባዩ አልተለወጠም)፣ ቁጥር 26 በሒሳብ አስታገሰው። በዓመት 1000 ሚሊሜትር ዝናብ፣ ፒኤቹ 4 ቢሆን፣ በአንድ ሄክታር ላይ የሚወርደውን አሲድ ለማርከስ 50 ኪሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይበቃል። ገበሬ ኮምጣጣ መሬት ሲያክም የሚበትነው በቶን ነው። ኖራ የሚበትንለት ሰው ላለው ማሳ 50 ኪሎ ምንም አይደለም። ደን ግን ማንም አይበትንለትም፤ በየዓመቱ 50 ኪሎ ለ40 ዓመት ሲደመር ሁለት ቶን ነው። እንዲህ ሲጻፍ ቁጥር 10 እና ቁጥር 11 ሁለቱም እውነት እንደያዙ ይታያል። ሁለቱም ግን አላመሰገኑትም።

ቁጥር 27 አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ጨመረ። የፋብሪካዎቹ ጭስ ሲጸዳ በሰሜን አውሮፓ አንዳንድ የጎመን ዘር ማሳዎች ሰልፈር አጥሯቸው ቢጫ መሆን ጀመሩ፤ ከሰማይ በነጻ ሲወርድላቸው የነበረው ቀርቶባቸው ነው። ገበሬዎቹ አሁን ሰልፈር ይጨምራሉ።

ከዚያ ቁጥር 28 መጣ። ለሙከራው ሰልፈሪክ አሲድ ከተፈለገ የመኪና ባትሪ ውስጥ አለላችሁ አለ። እውነቴን ነው፣ ደንግጬ ነው ያነበብኩት። ቁጥር 29 እና 30 ጮኹበት፤ ያን ጊዜ ጩኸቱ ተገቢ ነበር። የባትሪ አሲድ ሲሶው ገደማ ንጹህ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ዓይን ያጠፋል፣ ቆዳ ይልጣል። ከአሮጌ ባትሪ ከወጣ ደግሞ እርሳስ ተቀላቅሎበታል፤ እርሳሱ ራሱ ችግኙን ይጎዳና ውጤቱን ያበላሻል። አድሚኑ ቁጥር 28ን አልሰረዘውም። ከሥሩ ማስጠንቀቂያ ጻፈበት፤ ሌላ ሰው ይኸንኑ ሐሳብ ይዞ ቢመጣ እንዲያየው ነው አለ።

የኬሚስትሪ መምህሩ በቁጥር 31 ተመለሰ፤ አሁንም አንቱ እያለ። ልጅቷ አሲዱን ራሷ አትንካ፤ የትምህርት ቤቱ የላቦራቶሪ መምህር በሚገባ አቅጥኖ፣ በፒኤች መለኪያ አረጋግጦ ያዘጋጅላት። 5.6፣ 4.5፣ 3.5 እና 2.5። ቁጥር 32 ደግሞ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ሥሩን አጥባችሁ በማስመሪያ ለኩ አለ። ቁጥር 14ን ያነበበ ሌላ ሰው መኖሩን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ወር ሙሉ ጸጥታ ሆነ። ቁጥር 33 እናትየዋ ናት። ስምንት ኩባያ ሠርተዋል፣ ለያንዳንዱ ውሃ ሁለት ሁለት። 2.5 የጠጣውና የተረጨው ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አወጣ፤ አልሞተም። ሌሎቹን ላያቸውን አይቶ መለየት አልተቻለም። ሥራቸው ሲታጠብ ደግሞ ከ3.5ቱ አንደኛው ከሁሉም አጭር፣ ሌላኛው ከሁሉም ረጅም ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ተናዳለች። ድሮ መልሱ ግልጽ ነበር ትላለች።

ቁጥር 34 ሁለት ኩባያ ምንም አይነግርም አላት፤ አንዱ ቡቃያ ድሮም ደካማ ሊሆን ይችላል። ቁጥር 35 የምን አፈር እንደተጠቀሙ ጠየቀ። የአትክልት ቦታ አፈር ከሆነ አሲዱን ውጦታል፤ አሸዋማውን አፈር ጎን ለጎን ይሞክሩት። ቁጥር 36 ቁጥር 11 ነው፤ በዚህ ሁሉ ድካም ልጅቷን ከምታለፏት ስለ ጭስ ማውጫ ማጣሪያ አስተምሯት አለ። ማንም አልመለሰለትም። ቁጥር 37 ላይ ገበሬው አሸዋውን መጀመሪያ አጥበው እንዲያደርቁት መከረ።

ቁጥር 38 የእናትየዋ ነው። አራት ዓይነት ውሃ፣ ሁለት ዓይነት አፈር፣ ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ቡቃያ፤ ልጅቷ ቆጥራ አርባ ኩባያ አዘጋጅታለች። መስኮቱ የያዘው ሃያውን ብቻ ነው፤ የቀሩት መታጠቢያ ቤት ናቸው። እዚያ ያለው ብርሃን ይበቃቸው እንደሆነ ጠየቀች። እስካሁን የመለሰላት የለም።